ነይ ልጄ፣ ታጠኚ

በሚያዝያ 2012 መጀመሪያ ሳምንት ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ቀለል ያለ ሳል ነበር። ግን ያኔ ሳል «ቀለል ያለ» የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮረና ታማሚ መገኘቱ ተነግሮናል። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው ካስነጠሰ ሁሉም ፊቱን ወደ መስኮት ያዞር ነበር።

አማቴ በዚያ ሰሞን እኛ ጋ ነበሩ። ሳሌን ሲሰሙ ምንም ሳይሉ ወጡ። ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ዳማ ከሴና ጤና አዳም ይዘው ተመለሱ። ትልቁን ድስት ጣዱ። ውሃው ሲንተከተክ አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡት። አጠገቡ በርጩማ አደረጉልኝ። ጋቢያቸውን ዘረጉና በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው «ነይ ልጄ፣ ታጠኚ» አሉኝ።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ጋቢውን ከላዬ ላይ ጣል አደረጉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ጨለማውን፣ እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝና ትንፋሽ ሲያጥረኝ ነው። ጋቢውን ገፍፌ ጣልኩት። ድስቱን በእግሬ ገለበጥኩት። የፈላው ውሃ ቀኝ እግሬ ላይ ፈሰሰ። እጮህ ነበር አሉ። ባለቤቴ በኋላ እንደነገረኝ የምጮኸው «አልደግምም! አልደግምም!» እያልኩ ነበር።

ያኔ 35 ዓመቴ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባልና ልጅ አለኝ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ዓይነት ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ያላለፈ ነገር የያዛቸው። «ምን ሆኜ ነው? ሰው ሁሉ ረስቶት እኔ ለምን አልተነሣሁም?» የሚሉ። መልሱ ለሁሉም አንድ አይደለም። የእኔ ግን ከኮረና ሃያ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተጀመረ ነው።

እናቴ ስትሞት 7 ዓመቴ ነበር። በ1984 አባቴ ከገጠር ይዞኝ መጣና ደሴ ለምትኖረው እህቱ ሰጥቶኝ ተመለሰ። በእኛ አገር «ሰው ቤት ነው ያደግኩት» ካልክ ሰሚው ሌላ ጥያቄ አይጠይቅህም። ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል።

አክስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፣ አለዚያ ቀሪው አይገባችሁም። አስተማረችኝ። ዩኒፎርም ገዛችልኝ። ስታመም ተሸክማኝ ሸዋ በር ድረስ ሄዳለች። ባሏ ግን ይጠጣ ነበር። ማታ ማታ የግቢውን የቆርቆሮ በር አከፋፈት ሰምቼ ምን ያህል እንደጠጣ እለያለሁ። በሩ ቀስ ብሎ ከተከፈተ ሰላም ነው። ከተበረገደ እሷን ይደበድባታል። በማግስቱ እሷ እኔን። ወተት ከገነፈለ፣ ብርጭቆ ከተሰበረ፣ ከሱቅ ከዘገየሁ ጓዳ እገባለሁ። በሩ ይዘጋል። ከሰል ላይ በርበሬ ይነሰነሳል። ራሴ ላይ ብርድ ልብስ ይጣላል።

በበርበሬ የታጠነ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። ላልታጠነ ግን ልንገር። ዓይን ይነዳል። ጉሮሮ ይዘጋል። ልጮህ ብለህ አፍህን ስትከፍት ጭሱ ይብስ ይገባል። ስለዚህ ልጁ አለመጮህን ይማራል። እኔም ተማርኩ። በሩ የሚከፈተው «አልደግምም» ካልኩ በኋላ ነበር። ምን እንደማልደግም የማላውቅባቸው ቀኖች ብዙ ነበሩ።

ምግቡም በቁልፍ ነበር። ትራሴ ውስጥ ቆሎ እደብቅ ነበር።

12ኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ አዲስ አበባ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ደብቄ አልነበረም። ያለፈ ነገር መስሎኝ ነው። ደግሞስ ማን ያልተገረፈ አለ?

ከዚያ ኮረና መጣ።

አሁን ወደ ኋላ ሳየው ምልክቱ ከድስቱ በፊት ነው የጀመረው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሁሉ ሱቅ ሲወር እኔም ወረርኩ። ግን እኔ አላቆምኩም። ሰው ከተረጋጋ በኋላ እንኳ ምስር፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ዱቄት አልጋ ሥር አስገባ ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን መጥረጊያውን አልጋ ሥር ሲሰድ ከረጢቶቹን አገኘ። «ለስንት ዓመት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አንደኛው ከረጢት ውስጥ ቆሎ ነበር።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ሁሉም ሰው ቤት ሲውል የሕንፃው ድምፅ ተለወጠ። የማን በር እንደተከፈተ፣ ማን እንደተናደደ፣ ማን ጠጥቶ ደረጃውን እንደሚወጣ ቁጭ ብዬ እለያለሁ። አካሌ ሳልጠይቀው ሥራውን ጀምሮ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልቤ እየመታ እነቃለሁ። ከዚያ እስኪነጋ እንቅልፍ የለም።

በመጋቢት ካህናት ዕጣን ይዘው ጎዳና ለጎዳና ሲዞሩ ጎረቤቶቼ በረንዳ ላይ ወጥተው ያለቅሱ ነበር። መጽናኛ ነበር ለነሱ። እኔ መስኮቱን ዘጋሁ። ጭሱ ሽቅብ ሲመጣ እጄ ይንቀጠቀጣል። የሃይማኖት ሰው ነኝ። በዕጣን ደነገጥኩ ብዬ ለማን እነግራለሁ? ለብዙ ቀን ሰይጣን ተጠግቶኛል ብዬ ነበር።

ማስኩም እንዲሁ ነበር። ሕግ ሆኖ ሁሉም ሰው ሲያደርገው እኔ ታክሲ ውስጥ አምስት ደቂቃ መቆየት አቃተኝ። ታክሲው በግማሽ ነው የሚጭነው፣ ዋጋው እጥፍ ነው፣ እኔ ደግሞ ገና ሁለት ፌርማታ ሳንሄድ «ወራጅ!» እላለሁ። ወርጄ ግድግዳ ተደግፌ እተነፍሳለሁ። ሰው ኮረና ይዟት ነው ብሎ ይሸሸኛል። እኔም ኮረና ነው ብዬ አመንኩ። ትንፋሽ ማጠር ምልክቱ ነው ተብለናል። ለኮረና ጥቆማና ምክር ወደተመደበው ነፃ መስመር፣ 8335፣ ደወልኩ። ትኩሳት አለሽ ወይ፣ ከታመመ ሰው ጋር ተገናኝተሻል ወይ፣ ከውጭ አገር መጥተሻል ወይ አሉኝ። የለም፣ የለም፣ የለም።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያውን አደረጉ። 97። ደረቴን አዳመጡ። ሐኪሙ «እህቴ፣ ምንም የለብሽም። ዜና አትይ፣ ጸልዪ» ብሎ ካርዱን መለሰልኝ። ክፉ አልነበረም፣ ሰልፉ ረጅም ነበር። ግን «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል ቤት ድረስ ተከተለኝ። ምንም ከሌለብኝ ይህ ሁሉ ምንድን ነው? እያበድኩ ነው ማለት ነው?

የሰበረኝ ሌላ ቀን ነው። ከፋሲካ በኋላ ነበር። ቤት ሆኜ እየሠራሁ ልጄ ሻይ ወረቀቴ ላይ ደፋች። እጄ ተነሣ። አልመታኋትም። ግን እጄ አየር ላይ ነበር። እሷ አላለቀሰችም። ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ያዘች።

ያንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። ልጄ በዚያ ወር 7 ሊሞላት ነበር።

በማግስቱ ባለቤቴን «ሐኪም ቤት ውሰደኝ፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ» አልኩት። እሱ ደነገጠ። ይህን ቃል በቤታችን ማንም ተናግሮ አያውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ብቻውን መሳደቢያ ሆኖ እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። ስንት ሰው ያዳነ ቤት መሳደቢያ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል። ዛሬ የአእምሮ ሕክምና እዚያ ብቻ አይደለም። በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች ውስጥ ክፍል አለው። እኔ የሄድኩት ወደ አንዱ ነው። ያገኘችኝ የሳይካትሪ ነርስ ናት። ማስክ አድርጋ፣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ከሁለት ሜትር ላይ አዳመጠችኝ። ስለ ሳሉ፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ድስቱ ነገርኳት። ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ «ልጅ ሆነሽ ማን ጋ ነው ያደግሽው?» አለችኝ።

«ሰው ቤት» አልኩ። እሷ ከንፈሯን አልመጠጠችም። «ንገሪኝ» አለች።

አንድ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ስጨርስ ያለችኝን እስካሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ልጅ ሆነሽ አንድ ዘበኛ ቀጥረሻል። ሌሊት የማይተኛ፣ የበር ድምፅ የሚለይ። ጎበዝ ዘበኛ ነው፣ አትርፎሻል። እስከ ዛሬ ግን ማንም መጥቶ ‹ሂድ ተኛ› አላለውም።»

ከዚያ ያስረዳችኝን በኋላ እኔም እያነበብኩ አጠናሁት። ለምን እንደሆነ ማወቅ ለእኔ ግማሽ መድኃኒት ስለነበር እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አደጋ ሲመጣ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ይፋጠናል። ለመሸሽ ወይም ለመታገል ነው። አደጋው ሲያልፍ ይረጋጋል። ልጅ ግን በየማታው በር እያዳመጠ ካደገ መረጋጋቱን ሳይለምድ ያድጋል። ሥርዓቱ በትንሽ ነገር የሚነሣ ይሆናል። ሽታ ይበቃዋል። ጨለማ ይበቃዋል። አንድ ቃል ይበቃዋል። አማቴ «ታጠኚ» ሲሉኝ የ35 ዓመቷ እኔ የሰማሁት ፍቅር ነው። አካሌ የሰማው ሌላ ነው። ቃሉ አንድ ነውና።

ይህ ጉዳይ ብዙ ተጠንቷል። በ1998 እ.ኤ.አ. ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ ሳንዲያጎ የተሠራ ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ በጠቅላላው ከ17 ሺህ በላይ ጎልማሶችን የያዘ ነው። ከ18 ዓመት በፊት ምን እንደደረሰባቸው ጠየቋቸው። መደብደብ፣ መሰደብና መዋረድ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ችላ መባል፣ እናት ስትመታ ማየት፣ የሚጠጣ ሰው ያለበት ቤት፣ የወላጆች መለያየት፣ እና ሌሎችም፣ በድምሩ 10 ዓይነት። ተጠያቂዎቹ የጤና መድን ያላቸው፣ አብዛኞቹ የተማሩ፣ መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ቢያንስ አንዱ ደርሶባቸዋል። የደረሰባቸው ዓይነት በበዛ ቁጥር ድባቴው፣ የመጠጥ ሱሱ፣ ራስን የማጥፋት ሙከራው፣ የልብ ሕመሙም ጭምር እየበዛ ይሄዳል።

እኔም ብዕር ይዤ ቆጠርኩ። ቁጥሩን ባየሁት ቀን አለቀስኩ። ዕጣ ፈንታዬ የተጻፈ መሰለኝ። ኋላ ግን ሮበርት አንዳ ራሱ በ2020 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር የጻፈውን አነበብኩ። ቁጥሩ ስለ ብዙ ሰው የሚናገር እንጂ አንድን ሰው «አንተ እንዲህ ትሆናለህ» ለማለት የተሠራ አይደለም ይላል። ስለዚህ የምትቆጥሩ ካላችሁ ይህን ይዛችሁ ቁጠሩ። ሌላም ነገር አስተውዬበታለሁ። የመጀመሪያው መጠይቅ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሰፈር ጥቃት አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ ለተለያዩ አገሮች ያዘጋጀው ግን እነዚህንና የወላጅ ሞትን ጨምሯል። ለእኛ አገር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ኮረና ለምን ቀሰቀሰው? እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ መዘጋት ነበረበት። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ አደጋ ነበረበት። የምግብ ሥጋት ነበረበት። ከሁሉ በላይ ግን የደገፈኝን ነገር ሁሉ ወሰደው። እኔ ለዓመታት ቆሜ የሄድኩት ብቻዬን አልነበረም። የቅዳሴው ዜማ፣ ከጎረቤት ጋር ቡናው፣ እድሩ፣ ቢሮ ውስጥ ምሳ አብሮ መብላቱ ይዞኝ ነበር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ፋሲካን በቴሌቪዥን ስናስቀድስ፣ ለቅሶ መድረስ ነውር ሲሆን ምሰሶዎቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ። ሥር የነበረው ወለል ያኔ ታየ። ብቻዬንም አልነበርኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ዙሪያ 25 በመቶ ጨምሯል።

አሁን የረዳኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ትንፋሹ። ሲያጥረኝ አየር ያነሰኝ ይመስለኝ ነበር። ነርሷ ነገሩ የተገላቢጦሽ እንደሆነ አሳየችኝ። በድንጋጤ ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በላይ ከደማችን ይወጣል። ጣት የሚደነዝዘው፣ ከንፈር የሚወረው፣ ራስ የሚያዞረው ከዚያ ነው። ስለዚህ «በደንብ ተንፍሺ» የሚለው ምክር እኔን ይብሱን ያባብስብኝ ነበር። የሠራልኝ ወደ ውጭ የሚወጣውን ማስረዘም ነው። 4 እየቆጠርኩ አስገባለሁ፣ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው እፍ እያልኩ እስከ 6 ወይም 7 አወጣለሁ። እግሬን ወለሉ ላይ ጫን አደርጋለሁ። ያለሁበትን ክፍል ዕቃ በስሙ እጠራለሁ። መጋረጃ። ቴርሞስ። የልጄ ጫማ። «2012 ነው፣ ጀሞ ነሽ፣ በሩ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው» እላለሁ ለራሴ። ድምፅ አውጥቼ ነው የምለው። በልብ ማለት አይበቃኝም ነበር። አደራ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሁሉ ጭንቀት አይደለም። ሳንባችሁንና ልባችሁን አስቀድማችሁ ታዩ። እኔም ታይቼ ነው እዚህ የደረስኩት።

መድኃኒትም ወስጃለሁ። ለድባቴና ለጭንቀት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን ነው የታዘዘልኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከማቅለሽለሽ በቀር ምንም አላየሁም፣ ልተወውም ነበር። አራተኛው ሳምንት ገደማ ላይ አንድ ቀን ስነቃ ነግቶ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓትን ተኝቼ አልፌዋለሁ። ብዙ ሰው የሚተወው ሳይሠራለት ስለሆነ ነው ይህን የምናገረው። በራሳችሁ አትጀምሩት፣ በራሳችሁም በድንገት አታቁሙት። እኔ ከአንድ ዓመት በላይ ወስጄ፣ ከሐኪሜ ጋር ቀስ በቀስ ቀንሼ ነው ያቆምኩት።

አማቴ ጸበል አመጡልኝ። ጠጣሁ። ነርሷን «ከመድኃኒቱ ጋር ይጣላል ወይ?» ብያት «ሁለቱንም ያዢ፣ አንዱን ለአንዱ ስትይ አትተዪ» ብላኛለች። ይህን ብዙ ሰው እንዲሰማው እፈልጋለሁ። በጸበል ምክንያት ክኒን የጣሉ፣ በክኒን ምክንያት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የራቁ ሰዎች አውቃለሁ። ሁለቱም ብቻቸውን ቀሩ።

ዜናውን በቀን አንዴ ብቻ አደረግኩት። የዕለቱን የታማሚ ቁጥር ባለቤቴ ያያል፣ ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ ይነግረኛል።

ለባለቤቴ መናገር ከሁሉም ከበደኝ። ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ። አክስቴ ላይ። «ደውዬ እነግራታለሁ» አለ። እሷን ስከላከል አገኘሁት ራሴን። ተጣላን። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። እንዲህ ያለ ነገር የምትሰሙ ባሎችና ሚስቶች፣ ቁጣችሁ ፍቅር እንደሆነ ይገባናል፣ ግን ሌላ የምንጠብቀው ቁጣ ይሆንብናል። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ጀመረ፤ እኔ አልጠየቅኩትም። ማታ ሲመጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ ነኝ» ይላል። ከዚያ ነው ቁልፉ በሩ ውስጥ የሚገባው። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። ጎረቤቶቹ ለምደውታል።

ልጄን ይቅርታ ጠየቅኳት። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ «ያን ቀን እጄን ያነሣሁት አንቺ ስላጠፋሽ አይደለም። እማዬ ፈርታ ነው» አልኳት። «ምን ፈርተሽ?» አለችኝ። «ድሮ የነበረ ነገር» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «አሁን የለም?» አለች። «የለም» አልኩ። ለእሷ ስነግራት እኔም ሰማሁት።

ያልረዳኝም ነበር። «ስንቱ አለ፣ አመስግኚ» የሚሉኝ ሰዎች ደግ ሰዎች ናቸው፣ ግን አፌን ይዘጉታል። ምስጋናና ሕመም አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ደግሞ መሞት ያማራችሁ ቀን፣ ያ ሐሳብ የመጣባችሁ ቀን፣ እስኪያልፍ ብላችሁ ብቻችሁን አትቀመጡ። ለአንድ ሰው ንገሩ፣ ከዚያ ሰው ጋር ሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እኔ ያ ሐሳብ አንድ ሌሊት መጥቶብኛል። ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። መቀስቀስ ብቻውን ሐሳቡን ከእጄ ወሰደው።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ አክስቴ ሸሽታ መጣች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። በአንድ ፌስታል ልብስ ይዛ ጀሞ ደረሰች፣ እግሯ አብጦ ነበር። ውሃ አሙቄ አጠብኳት። ሌላ ማን አላት? ባለቤቴም አንድ ቃል አልተናገረም፣ ፍራሽ አነጠፈላት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ ይሆናል። ልጄ ሲኒ ሰበረች። አክስቴ ከተቀመጠችበት ሳቅ ብላ «ይቺንማ በበርበሬ ማጠን ነው!» አለች። ቀልድ ነበር፣ ድሮም እንዲህ ይቀለዳል። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እግሬን ወለሉ ላይ ጫን አደረግኩ። ትንፋሼን አወጣሁ። «አክስቴ፣ እዚህ ቤት ልጅ አይታጠንም» አልኳት። ድምፄ አልጮኸም። ልጄ ስብርባሪውን ልትለቅም ስትጎነበስ «ተይው፣ ይቆርጥሻል፣ እኔ እጠርገዋለሁ» አልኳት።

አክስቴ ዝም አለች። ራትም ላይ ዝም አለች።

ሌሊት ዕቃ ሳጥብ ኩሽና መጣች። በሩን ተደግፋ ቆመች። ሳላያት «እኔንም አጥነውኛል» አለች።

«ማን?»

«እናቴ። ያንቺ አያት።» ትንሽ ቆየችና «ወጥ ስሠራ በር ከፍቼ የምሠራው ለምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

የደሴ ብርድ የታወቀ ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በክረምት አጥንት ይገባል። የኩሽናው በር ግን ወጥ ሲሠራ ሁልጊዜ ክፍት ነበር። እየተንቀጠቀጥኩ ሽንኩርት ስከትፍ «ዝጊው» ብዬ ለምኛት አውቃለሁ። አልዘጋችውም። ያን በር ለዓመታት ረስቼው ነበር።

ውሃውን ዘጋሁና ሻይ ጣድኩ። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ተቀምጠን አወራን። ስለ አያቴ፣ ስለ ባሏ፣ ስለዚያ የቆርቆሮ በር። ይቅርታ አልጠየቀችኝም። እኔም ጠይቂኝ አላልኳትም። ጥር ላይ ደሴ ተመለሰች። እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ ከእኔ ጋር ትንሽ አውርታ «ልጅቷን ስጪኝ» ትለኛለች።